ወደ ውጭ የዞሩ ጫማዎች

«ዛሬ ቀኝ እጄ አንቺ ነሽ» አለች እናቲቱ እንዳለች፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ለልጇ ለሶረቲ እያሳየች። «እጅ ደግሞ አያወራም። ይጽፋል፣ በቃ።»

ሶረቲ የእናቷን የሥራ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ የሰንጋ ተራውን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርዳለች። በመምህራን ስብሰባ ምክንያት ዛሬ ትምህርት የለም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኩን ሲነካካ፣ እሷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቅጽ ተሸክማ ሰው ቤት ልትዞር ነው። አይ ዕድል! ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሦስት ቀን በፊት እናቷን ይኸው ደረጃ አዳልጧት ነው። እጇ ወለም አለ፤ ወጌሻው አሽቶ አሰረውና «ለአሥር ቀን ብዕር የሚባል ነገር እንዳትነኪ» ብሎ አስጠነቀቃት።

እንዳለች የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች በሚረዳ፣ ልደታ አካባቢ ባለ ማዕከል ውስጥ የቤተሰብ ክትትል ሠራተኛ ናት። ሥራዋ መዞር ነው። ልጆቹን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች፣ ከወላጅ ጋር ትመክራለች፣ ለአንዱ ሐኪም፣ ለአንዱ ትምህርት ቤት፣ ለአንዱ የወረዳ ደብዳቤ ስታፈላልግ ይመሻል። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ነርስ አይደለሁም ብላ ብትምል ብትገዘት ማን ሰምቷት! ሶረቲ ግን ክፍል ውስጥ ስለ እናቷ ሥራ ስትጠየቅ «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብላ ታልፋለች። ውሸት እኮ አይደለም፤ ማዕከሉ ቢሮ አለው።

«ስሚኝ» አለች እንዳለች መንገድ ላይ፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ። «ሰው ቤት ያየሽው እዚያው ይቀራል። የነገሩሽን ደግሞ እንደነገሩሽ ትጽፊያለሽ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፣ ሳታሳምሪ።»

«ቢዋሹስ?»

«ውሸቱን ትጽፊያለሽ።»

«በኋላ እውነቱን ቢናገሩስ?»

«አንድ መስመር ታሰምሪበትና ከሥሩ ትጽፊያለሽ። ፍቆ ማጥፋት የለም። ሰው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መታየት አለበት።»

የእናቷ ስልክ ጮኸ። ዘጋችው፤ ተመልሶ ጮኸ። የዛሬዋ እንዳለች እንደ ሌላው ቀን አይደለችም፤ ሰዓቷን በየደቂቃው ታያለች። ማዕከሉ ሰኞ አዲስ ሥልጠና ይጀምራል፣ ለወጣቶች፣ የወረቀት ከረጢት መሥራት። ፌስታል እየቀረ ስለሆነ ሱቆቹ ይፈልጉታል። ቦታው ለአሥራ ሁለት ልጅ ነው፤ አሥራ አንዱ ሞልቷል። አሥራ ሁለተኛው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመዘገበ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ ወንበሩም ባዶውን ይቀራል። የሚቀጥለው ሥልጠና የዛሬ ዓመት ነው።

«ታዲያ ሌላ ልጅ አስገቢ!» አለች ሶረቲ።

«ዕድሜው የሚመጥን የለኝማ። ግን ጌጃ ሰፈር አንድ ቤት አለ ብለውኛል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ከጓዳ ድምፅ ሰምታለች። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። አሥራ ስምንት ካለፈው ደግሞ አይቀበሉትም። ዛሬ ካልሆነ አለቀ ማለት ነው።»

መጀመሪያ የሄዱት ግን ሂርጳ ቤት ነው። ሂርጳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አባቱ ጋሽ ደገፋ አናጢ ነው፣ የቤታቸው የፊት ክፍል ወርክሾፕ ነው። ሂርጳ ማንኛውም ክፍል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁለቴ ያጨበጭባል፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብሮ ከራሱ ጋር ይስቃል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ሶረቲን ሲያይ ግን ማጨብጨቡንም ረሳው።

«ሶዬ!» ብሎ ወገቧ ላይ ተጠመጠመ።

ሶረቲ በቁሟ ደረቀች። ልጁን ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማዕከሉ ውስጥ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት። እሱ ስሟን ይዞ ቆየ። እሷስ ምን ይዛ ሄደች? ማጨብጨቡን። በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ክፍል በር ላይ ቆማ ሁለቴ አጨበጨበች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ሳቀች። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ቀረጸላት፤ እሷም አላፈረችም፣ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። «ሶሪ ገዳይ ናት!» ተባለላት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። አሁን የልጁ ጭንቅላት ሆዷ ላይ ተለጥፎ ሲተነፍስ ይሰማታል፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«በዚህ ሳምንት ምን አዲስ ነገር አለ፣ ጋሽ ደገፋ?» ስትል ጠየቀች እንዳለች።

«የሸሚዙን ሦስት ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። አራተኛው ላይ ግን ሳንስማማ ቀርተናል። እሱ አያስፈልግም ባይ ነው፣ እኔ ያስፈልጋል ባይ።»

«እንዳለ ጻፊው» አለቻት እናቷ፣ እና ሶረቲ እንዳለ ጻፈችው። ሰውየው ሳቀና ወደ እሷ ዞረ። «እናትሽ መጀመሪያ ስትመጣ 'ልጅ የለኝም' ብዬ ሦስቴ መልሻታለሁ፣ ታውቂያለሽ?»

«አራቴ» አለች እንዳለች።

ከዚያ ቤት ሲወጡ ሶረቲ ከእናቷ ቀድማ ትሄድ ነበር። መቆም አልቻለችም። ድንጋይ ትመታለች፣ የቦርሳውን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» ስትላት እርምጃዋን አፈጠነች። የጌጃ ሰፈር መንገድ እየጠበበ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ድምፅ እየጎላ መጣ። አንድ ሰማያዊ የብረት በር ጋ ሲደርሱ እንዳለች ባጇን አንገቷ ላይ ገልብጣ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

«ምነው?»

«ይህን ባጅ ሰፈሩ ያውቀዋል። እነ እንቶኔ ቤት ገባች ተብሎ ለሰባት ጎረቤት ወሬ መሆን የለበትም። እንግዳ ነን።»

በሩን አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። የከፈተችው አማል ነበረች።

አማል! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ ብስኩት እንኳን ለሁለት የሚሰብሩ ጓደኛማቾች ናቸው። አማል ሶረቲ ቤት ስንት ጊዜ መጥታለች፣ እንዳለች ሥራ ላይ በምትሆንበት ከሰዓት። ሶረቲ ግን አማል ቤት አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። «አባቴ እንግዳ አይወድም፣ አቦ ይደብራል የኛ ቤት» ነበር መልሷ። ስለ እህቷ ስለ ኡሙልኸይር ታወራለች። «ሁለት ነን» ትላለች ሁሌ። ሁለት ሴት ልጆች።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። የአማል ፊት ኖራ መሰለ። ራሷን በጣም በትንሹ፣ ሶረቲ ብቻ እንድታየው፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሶረቲም ዓይኗን ሰበረች። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም የማይተዋወቁ ሆኑ።

እናቲቱ፣ ወይዘሮ ሶፊያ፣ የእንግዳ ነገር ሆኖባቸው «ግቡ» አሉ። ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው። አምስት ጥንድ ጫማ በማስመሪያ የተለካ ይመስል ተደርድሯል፣ አፍንጫቸው ሁሉ ወደ ውጭ። ሶረቲ ስኒከሯን አውልቃ እዚያው ጥላው ገባች፤ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ፣ ክሩ እንደተንዘላዘለ። ቤቱ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሎበት አዲስ ቀለም ይሸታል። ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ተዘግቷል።

እንዳለች «የታመመ ልጅ አላችሁ ወይ» ብላ አትጠይቅም። እንዲያ ተብሎ አይጠየቅም። ስለ ቀለሙ አወራች፣ ስለ ኑሮው አወራች፣ ሻይ ፉት አለች፣ ከዚያ ነው «ለመሆኑ ምሳ ስትበሉ ስንት ሆናችሁ ነው ገበታ የምትቀርቡት?» ያለችው።

«አራት» አሉ ሶፊያ ቶሎ ብለው። «አባታቸው፣ እኔ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ።»

እንዳለች ስለ ማዕከሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ባዶው ወንበር፣ ስለ አሥራ አንድ ሰዓት። ሶፊያ የሻርፓቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ ሰሙና «የተሳሳተ ቤት ነው የመጣችሁት» አሉ። «እንዲህ ዓይነት ልጅ የለንም፣ ሲስተር።»

«የለንም» አለች አማልም።

ሶረቲ ብዕሩን ይዛ ቀረች። እናቷ ወደ ቅጹ በዓይኗ ጠቆመቻት። «እንዲህ ዓይነት ልጅ የለንም» ብላ ጻፈች፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ፊደሏ ተጣሞ ተጣሞ ሲወጣ አማል ከላይ ሆና ታነበው ነበር።

ሲወጡ ሶረቲ ጫማዋን አየች። ሁለቱም ተገጣጥመው፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ፣ ክሩ በሥርዓት ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገብቷል። የእናቷም እንደዚያው። ሻይ ሲጠጡ ከሳሎኑ የወጣ ሰው አልነበረም። ጓዳው በግቢው በኩልም መውጫ አለው ማለት ነው። እንዳለች ጫማዎቹን ጥቂት ቆማ አየች። «እግዜር ይስጥልን፣ ሻዩ ግሩም ነው» ብላ ወጣች።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሶረቲ አላስቻላትም። «አይተሻል አይደል? ጫማውን! ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? 'ዋሽታችኋል' ብዬ? እንዲያ ካልኳቸው ነገ ልጁን ዘመድ ጋ ይልኩትና እስከ ወዲያኛው አናገኘውም። 'አለን' የሚለው ቃል ከነሱ አፍ ካልወጣ እኔ የምጽፈው ነገር የለም።»

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አማል ናት።

«ሶሪ በአላህ እንዳትናገሪ። ለናትሽም ቢሆን። እሁድ የኡሙ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በዘራቸው አለ ብለው ይቀራሉ ብላ እማዬ ፈርታለች።»

ከዚያ ሌላ መጣ። «ሙኒር ነው ስሙ። ወንድሜ ነው።»

ከዚያ ሦስተኛው፣ «ለክፍል ማሳቂያ እንዳታረጊው እሺ?»

ሶረቲ ሦስተኛውን ሁለቴ አነበበችው። ቪዲዮውን የለጠፈች ቀን የክፍሉ ልጅ ሁሉ በሳቅ ምልክት አጥለቅልቆት ነበር። አማል ብቻ ዝም አለች። «ጀለሴ ምነው ሙድሽ ወረደ?» ስትላት «ራሴን አሞኛል» አለችና ወደ ሽንት ቤት ሄደች። ሶረቲም አመነቻት። ውይ የኔ ነገር! እንደ ጓደኛዋ ወንድም ያለውን ልጅ ጓደኛዋ ፊት ቆማ ስታስመስል ነው የዋለችው። ታዲያ አማል ምን ብላ ቤቷ ትጥራት?

ምሳ ሰዓት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሽሮ አዘዙ። እንዳለች ቀኟ ታስሯል፤ በግራ እጇ ደግሞ ሞታ ነው የምትበላው። ስለዚህ ሶረቲ እየጠቀለለች አጎረሰቻት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይሞቱ ነበር። ዛሬ ግን ሶረቲ ጉርሻውን አየር ላይ ይዛ ትረሳዋለች፣ እናቷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

«እማ፣ አንድ ሰው ምሥጢር ጠብቂልኝ ቢልሽ፣ ምሥጢሩ ግን ሌላ ሰው ላይ በር የሚዘጋ ቢሆን፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

እንዳለች ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠች። አልቸኮለችም። «ያ ምሥጢር ጠብቂልኝ ያለው ሰው፣ በሩን መክፈት ይችላል?»

«ይችል ይሆናል።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ከሰዓት በኋላ ወረዳ ሄዱ። ለአንዲት ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ማኅተም ያዡ ሰውዬ ግን «አሁን ወጣ» ነው። ወረፋው አይንቀሳቀስም። ሶረቲ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ታነባለች፣ እንደገና ታነባለች። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። የእናቷ ስልክ ሲጮህ «አይ፣ አሥራ ሁለተኛው አልተገኘም፣ እስከ አሥራ አንድ ጠብቁኝ» ስትል ሰማቻት። ሶረቲ ዝም ብትል አማል አትቀየማትም። ነገ ዴስኩ ላይ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብስኩት ለሁለት ይሰብራሉ። ሙኒርም ከጓዳው በር ጀርባ የሰው ጫማ ያደላድላል። እስከ መቼ? ማንም ሳይናገር አሥራ ስምንት ይሞላውና ወረቀቱም «አይ፣ አልፎሃል» ይለዋል።

ማዕከሉ ሲመለሱ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። እንዳለች ገና ወንበር ሳትይዝ ሶረቲ ቦርሳውን እንዳነገተች ወደ በሩ ዞረች።

«የት ነው?»

«መጣሁ፣ እማ።»

እናቷ አልከለከለቻትም። ቦርሳውን አስቀምጪ እንኳን አላለቻትም።

ሮጠች። ከልደታ ቁልቁል፣ ከታክሲ ሰልፉ መሃል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች፣ አንዱን በክርኗ ገጭታ ተሰድባ፣ ጌጃ ሰፈር እስክትደርስ ሮጠች። ሰማያዊው በር ጋ ስትደርስ ትንፋሿ ከደረቷ አልወጣ ብሎ ነበር። አማል በሩን ከፈተችና ስታያት መልሳ ልትዘጋው ሞከረች።

«ነገርሻት አይደል?»

«አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።»

«ታዲያ ምን ልታረጊ መጣሽ? ላሽ በይ ሶሪ፣ እማዬ ትሰማለች!»

«ስለ ቪዲዮው ነው የመጣሁት።»

አማል በሩን ለቀቀችው። «ሠላሳ አራት ሳቅ አለው» አለች። «ቆጥሬዋለሁ። እያንዳንዱን ማን እንደሳቀ አውቃለሁ። ላሳይሽ እያልኩ ነበር እኮ፣ ሙኒርን። ከክፍሉ ሁሉ አንቺን ብቻ። 'ሶሪ ትለያለች' እል ነበር። ከዚያ አንቺ ቆመሽ…» ለቅሶ ቀደማት።

«ያ ያስመሰልኩት ልጅ ዛሬ አቀፈኝ» አለች ሶረቲ። «ስሙን አልነግርሽም፤ የእናቴ ሕግ ነው። ስሜን ይዞት ነበር፣ አማል። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔን አትመኚኝ፤ እሺ። ግን እናቴ ያለችው እውነት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሙኒር ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሚያዝያ ላይ አሥራ ስምንት ይሞላዋል።»

ሁለቱም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው።

«እማዬ እምቢ ትላለች» አለች አማል።

ሶረቲ መግቢያው ላይ ቁጭ አለች። ስኒከሯን አወለቀች። አንዱን ገልብጣ፣ ሌላውን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ክሩን በትና ተወችው።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«እጠብቃለሁ።»

አማል ጫማውን አየች፣ ሶረቲን አየች፣ ለቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። «አንቺ ጉደኛ!» አለች። ግን አላነሳችውም።

ብዙ አልጠበቁም። ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። አንድ ረጅም ልጅ፣ የሹራቡን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በግቢው በኩል ዞሮ መጣ። የአማል ዓይን ነው ያለው፣ ቁርጥ። ማንንም አላየም። ጫማዎቹ ጋ ቁጢጥ አለና «ች ች ች» አለ፣ የተበላሸ ሥራ ያየ ሰው እንደሚለው።

«ሰላም ሙኒር» አለች ሶረቲ። «ሶረቲ እባላለሁ። የአማል ጓደኛ ነኝ።»

አልመለሰላትም። የተገለበጠውን አቃና፣ አጋጠመ፣ ወደ ውጭ አዞረ። ከዚያ ክሩን ከፍ አድርጎ አሳያት። «ክር ወደ ውስጥ» አለ፣ ቆጣ ብሎ።

«እሺ። ወደ ውስጥ።»

«ማን አስወጣው?» ሶፊያ በሩ ላይ ቆመዋል። ሶረቲን ሲያዩ አወቋት፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አማል! በቀን ብርሃን፣ ደጅ!»

«ጫማ ነው ያስወጣው፣ እማዬ» አለች አማል። «እሁድስ? ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እዚህ በር ላይ ስንት ጫማ ነው የሚወልቀው? አሥር ሰው፣ ሃያ ጫማ! እስቲ ያኔ ማን ይይዘዋል? እኔ? አንቺ? አባዬ?»

ሶፊያ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሙኒር የራሳቸውን ነጠላ ጫማ እግራቸው ላይ እንዳለ ሊያደላድል ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞ እየገፋ ነበር። «ተው አንተ፣ ልትጥለኝ ነው!» አሉና ትከሻውን ያዙ፤ መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣባቸው፣ ከዚያ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ኡሙማ ከመጀመሪያውም 'አልደብቀውም' ብላኛለች» አሉ ቆይተው። «እኔ ነኝ የፈራሁት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ምን ላድርገው ልጄ፣ ሰው አያውቅልኝም ብዬ ነው።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ስንት ሰዓት ነው ያሉት?»

«አሥራ አንድ። ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።»

ሶረቲ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። «አቤት ሶሪ» ሲል ድምፁ፣ ምንም ሳትናገር ስልኩን ለአማል ሰጠቻት። እጅ አያወራም።

አማል ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ሲስተር፣ እኔ አማል ነኝ። የሰማያዊው በር። ጠዋት…» እናቷን አየች። እናቷ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። «ጠዋት ዋሽተናል። አለን። ወንድም አለኝ።»

ከዚያ የእንዳለች ድምፅ መጣ፣ ረጋ ብሎ። «እሱስ? እሱን ጠይቃችሁታል?»

ተያዩ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። አማል አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ሙኒር፣ ከረጢት ማጠፍ ትፈልጋለህ? ጠዋት ጠዋት እየወጣህ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር?»

ሙኒር አሰበበት። ግንባሩን ቋጥሮ አሰበበት። «ጫማ አለ?» አለ።

«አሥራ አንድ ልጅ አለ» አለች ሶረቲ። «ሃያ ሁለት ጫማ።»

ዓይኑ በራ። «እሺ» አለ።

ሶረቲ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የጠዋቱ ዓረፍተ ነገር እዚያው ነው፣ በራሷ ጠማማ ፊደል። ላዩ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ከሥሩ «አለን። ሙኒር ይባላል። እሺ ብሏል» ብላ ጻፈች። ሶፊያ ፈረሙ።

መመለሻውንም ሮጠች፤ እንዳለች የማዕከሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ወረቀቱን በግራ እጇ ተቀበለች፣ የተሰመረበትን አየች፣ የልጇን ላብ የወረደበት ፊት አየች። «ከልጅቷ ጋር ትተዋወቁ ኖሯል» አለች። መልስ አልጠበቀችም። ሰዓቷን አይታ ወደ ውስጥ ገባች። አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

ሶረቲ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሮቿ ዝም አሉ። ስልኳን አውጥታ የክፍሉን ግሩፕ ከፈተች፣ ወደ ላይ ሄዳ ሄዳ ቪዲዮውን አገኘችው። ሠላሳ አራት ሳቅ። ጣቷን ላዩ ላይ አሳረፈች። «ይጥፋ?» ሲል ጠየቃት ስልኩ።

«ፍቆ ማጥፋት የለም» ያለችው እናቷ ትዝ አለቻት። ከዚያ «ተወው» የሚለውን ነካችና ከሥሩ መጻፍ ጀመረች።